ከራስጌ የሚቆሙት፦ የማደንዘዣ ትምህርት ከጎንደር እስከ ቆላው

እኔ ባደግኩበት ሳንጃ ጎንደር ሄደው ኦፕራሲዮን ሆነው የተመለሱ እናቶች ስለ ሐኪማቸው ሲያወሩ ስሙን ከነአባቱ፣ አንዳንዴም ከነአገሩ ይጠሩታል። ከራስጌያቸው ቆሞ ትንፋሻቸውን ሲጠብቅ ያደረውን ሰው ግን «ያ ያስተኛኝ ልጅ» ነው የሚሉት። ልጁ ሴት ብትሆንም እንዲያው ነው። ለዘንድሮው መጽሔት ከኮሌጃችን ታሪክ የሆነ ነገር ጻፊ ስባል የሕክምና ትምህርቱን ታሪክ ብዙዎች ደጋግመው ጽፈውታልና ስለ «ያስተኛኝ ልጅ» ትምህርት ልጻፍ አልኩ።

ነገሩ የሚጀምረው ከወባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የደምቢያን ሜዳ የመታው ወረርሽኝ በአገሪቱ ሐኪም የሚባል ሰው ምን ያህል እንደጠፋ በግልጽ አሳየ። በቀጣዩ ዓመት በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት እርዳታ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ሐኪም እስኪገኝ አልጠበቀም፤ ጤና መኮንን፣ ኮሚዩኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ላከ። የሕክምና ትምህርቱ የመጣው ከላይፕዚጉ የካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ማለትም ከ24 ዓመት በኋላ። እኛ ሐኪሞች ቤቱ የኛ ይመስለናል እንጂ ወደዚህ ግቢ ዘግይተን የገባን ነን። «ሥራውን ለሥራው በሚገባ ለሠለጠነ ሰው ስጠው» የሚለው ሐሳብ ከኛ ቀድሞ እዚህ ነበር፤ ነርስን ማደንዘዣ አስተምሮ ቀዶ ጥገና ክፍል ማስገባትም፣ በኔ አስተያየት፣ የዚያው ሐሳብ ልጅ ነው።

ሐሳቡ የኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1846 ቦስተን ላይ ኤተር በአደባባይ ከታየ በኋላ ለብዙ ዓመታት ጨርቁን ይዞ ማስተንፈስ የተናቀ ሥራ ነበር፤ የተገኘው ጀማሪ ሐኪም ይይዘዋል፣ ዓይኑ ግን ቢላዋው ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሥራውን በቁም ነገር የያዙት ነርሶች ናቸው። በማዮ ወንድማማቾች ሆስፒታል ትሠራ የነበረችው አሊስ ማጎ እ.ኤ.አ. በ1906 ባወጣችው ጽሑፍ ከ14,000 በላይ በሽተኞችን አስተኝታ በማደንዘዣው ምክንያት አንድም ሰው እንዳልሞተባት ዘግባለች። ሙያው ገቢ ማምጣት ሲጀምር ሐኪሞቹ ተነሡና ነርሶቹ ያለ ፈቃድ ሕክምና እየሠሩ ነው ብለው ከሰሱ፤ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1936 ለነርሶቹ ፈረደ። ጸቡ ዛሬም በሌላ ስም ይቀጥላል፤ እሱን ልተወው።

ወደ ቆላችን ስንመጣ ኤተር ራሱ ችግር ነበረበት። የሚፈላው በ35 ዲግሪ አካባቢ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ መተማ ወይም ሳንጃ የዋለ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ጠርሙሱ ጥላ ውስጥ ተቀምጦ ይፈላል። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የመጣው ሃሎቴን የሚፈላው በ50 ዲግሪ ስለሆነ በዚህ በኩል ገላገለን። እ.ኤ.አ. በ1970 በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው ኬታሚን ደግሞ ማሽንም ጋዝም አይፈልግም፣ ትንፋሽንም እንደሌሎቹ ቶሎ አያቆምም፤ በኛ አገር ለሠራ ሰው ከዚህ የበለጠ ባለውለታ መድኃኒት የለም። ጡንቻ የሚያላላው ሱክሳሜቶኒየም ግን ፍሪጅ ይፈልጋል። መብራት ጠፍቶ ሲያድር መድኃኒቱም አብሮ ይደክማል።

በአገራችን ሐኪም የሆኑ የአንስቴዥያ ስፔሻሊስቶች ለረጅም ጊዜ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፣ እነሱም በብዛት አዲስ አበባ። የቀረውን አገር የተሸከሙት ከነርስነት ወደ ማደንዘዣ የተሻገሩ ባለሙያዎች ናቸው። በኋላ ከ12ኛ ክፍል በቀጥታ ገብቶ በዲግሪ የሚመረቅበት መንገድ ተከፈተ፤ ጎንደርም ጅማም አስመርቀዋል። ጤና ሚኒስቴር ከ60,000 እስከ 100,000 ለሚደርስ ሕዝብ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ይኑር ሲልና እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የድንገተኛ ቀዶ ጥገና መኮንኖች መሠልጠን ሲጀምሩ የማደንዘዣ ባለሙያ ፍላጎት ጣራ ነካ። ቆራጭ ያለ አስተኚ ምን ያደርጋል?

እዚህ ላይ የማውቃትን አንዲት ሲስተር ታሪክ ላስገባ። ስለሷ እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፤ ስሜን ግን አታንሺው ብላለች። ከ10ኛ ክፍል በኋላ በዲፕሎማ ተመርቃ በቆላው አንድ ጤና ተቋም ማዋለጃ ክፍል ትሠራ ነበር። ለማደንዘዣ ትምህርት ለመወዳደር ቢያንስ ሁለት ዓመት ያገለገለች መሆን ነበረባት፤ እሱ አልቸገራትም። የቸገራት የድጋፍ ደብዳቤው ነው። መጀመሪያ ዓመት «አንቺ ከሄድሽ ማዋለጃውን ማን ይይዘዋል?» ተባለች። ደግ ሠራተኛ መሆኗ ጠላት ሆነባት ማለት ነው። ሁለተኛው ዓመት ደብዳቤው ተጻፈ፣ ኮታው ግን ለሌላ ሰው ሄደ። ሦስተኛው ዓመት የመግቢያ ፈተናውን አለፈች። ውል ፈረመች፣ ተመልሳ እንደምታገለግል አጎቷ ዋስ ሆነላት፣ ሁለት ልጆቿን ለእናቷ ትታ ጎንደር ገባች።

«ያስለቀሰኝ ፊዚክስ ነው» ትላለች። ከ10ኛ ክፍል ወዲህ ነክታው አታውቅም። የጋዝ ሕግ በሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ከ12ኛ ክፍል የመጡት ልጆች ይጽፋሉ፣ እሷ ታያለች። አንድ ቀን መምህሩ ወደ ሲሊንደሩ ወስዶ አሳያት። የኦክስጅን ሲሊንደር ጌጅ ግማሽ ላይ ከሆነ በውስጡ ያለው ግማሽ ነው። ናይትረስ ኦክሳይድ ግን ውስጡ ፈሳሽ ስለሆነ ጌጁ እስከ መጨረሻው ሙሉ መስሎ ይቆይና በድንገት ይወርዳል፤ እሱን የሚመዝኑት በሚዛን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊዚክሱ ገባኝ ትላለች፣ ምክንያቱም ቆላ ውስጥ ሲሊንደር ሲያልቅ ምን እንደሚሆን ከነዚያ ልጆች በላይ ታውቃለች።

የተግባሩ ትምህርት የተገላቢጦሽ ነበር። ወጣቶቹ ቱቦ ለማስገባት ይሽቀዳደማሉ። እሷን ያስተማራት ሰው ግን ለሳምንታት ማስክና አምቡ ባግ ብቻ አስያዛት። «ሰው ቱቦ ስላልገባለት አይሞትም፤ አየር ስላልገባለት ነው የሚሞተው» ይላት ነበር። አገጭ በሦስት ጣት ማንሳት፣ ማስኩን በሁለት ጣት ማሸግ፣ ደረቱ ሲነሣ ማየት። ይህንን ያልቻለ ሰው ላሪንጎስኮፕ መያዝ የለበትም ብዬ እኔም አምናለሁ። በመጨረሻ የብሔራዊ ብቃት ምዘናውን አልፋ ወደ ቆላው ተመለሰች።

የቆላው በሽተኛ መማሪያ መጽሐፉ ላይ ያለው በሽተኛ አይደለም። ሰሊጥ በሚታረምበትና በሚታጨድበት ወራት ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ወባ አለበት፣ ደሙ አንሷል፣ ምግብ አልበላም። ካላዛር ያለበት ከሆነ ጣፊያው እስከ እምብርቱ ወርዷል፣ ፕላትሌቱ አልቋል። በላዩ ላይ የጥይት ቁስል ወይም የእባብ ንክሻ ይጨመራል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ በመተማ በኩል የመጣው ስደተኛ ደግሞ ሌላ ጭነት ጨመረ።

ከተመለሰች በኋላ እግሩ ተሰብሮ አጥንቱ የወጣ አንድ ወጣት ሌሊት መጣ። ቀዶ ጥገና የሚሠራው ባልደረባዋ በጀርባው ስፓይናል ስጪው አላት። ፈጣን ነው፣ መድኃኒትም ይቆጥባል። እሷ ሆዱን ዳሰሰችና ጣፊያውን አገኘችው። ፕላትሌቱ ሳይታወቅ መርፌ ጀርባው ውስጥ አላስገባም አለች፤ ደም በአከርካሪው ውስጥ ቢፈስ ልጁ ከወገቡ በታች ሽባ ሆኖ ይቀራል። በማዕረግም በደመወዝም ከሱ በታች ነች፤ ክርክሩም እንዳሰበችው ቀላል አልነበረም። ላቦራቶሪው ተቀሰቀሰ። ውጤቱ ከ50,000 በታች ሆኖ መጣ። በኬታሚን አስተኛችው፣ ቁስሉ ታጠበ፣ ደም ተሰጠው፣ ሲነጋ ወደ ጎንደር ተላከ። ልጁ ስሟን አያውቅም።

ብዙ ባለሙያዎች የግዴታ ዘመናቸውን ጨርሰው ወደ ከተማ ይሄዳሉ። አልፈርድባቸውም። አንድ የማደንዘዣ ባለሙያ ብቻ ባለበት ሆስፒታል ተረኛው ሁልጊዜ እሱ ነው፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ይጠራል፣ ክርስትና ላይ ይጠራል። እኔ የምለው ግን ቆላውን የሚችለው የቆላ ልጅ ነውና ምልመላው ከዚያ ይጀመር ነው፤ ለድጋፍ ደብዳቤው መልስ የሚሰጥበት ቀነ ገደብ ይኑር፣ ፊዚክሱን ለረሱት ነርሶች ከመግቢያው በፊት የአንድ ወር ማካካሻ ትምህርት ይሰጥ። የኋለኛውን መምህራኑ በራሳቸው ሥልጣን መጀመር የሚችሉት ይመስለኛል፤ ለዚህ ጽሑፍ የተቀመጥኩትም በከፊል ለዚሁ ነው።

ሲስተር አሁንም እዚያው ናት። ባለፈው ክረምት ከማዋለጃ ክፍሉ አንዲት ወጣት ነርስ ለማደንዘዣ ትምህርት አመልክታለች፤ ፊዚክሱን እሷ እያስጠናቻት ነው። የድጋፍ ደብዳቤው ይህን እስከምጽፍ ድረስ አልወጣም።