ኮምፒውተሩ ተኝቷል፤ መብራቱ ግን አልተኛም

ኮምፒውተርን ‹‹ስሊፕ›› ብለን ስናስተኛው ስክሪኑ ይጨልማል፣ ማራገቢያው ዝም ይላል፤ የኪቦርዱ የ‹‹ነም ሎክ›› ወይም የ‹‹ካፕስ ሎክ›› መብራት ግን አንዳንዴ እንደበራ ያድራል፡፡ ይህን ያየ ሰው ወይ ‹‹ተበላሽቷል›› ብሎ ወደ ጠጋኝ ይሮጣል፣ ወይ ሶኬቱን ይነቅላል፡፡ ሁለቱም ማስረጃ ሳይመዘን የተሰጠ ፍርድ ነው እላለሁ፡፡ በተለይ ሁለተኛው፣ ሴቭ ያልተደረገን ጽሑፍ ይዞ ሊጠፋ ይችላል፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጡት ‹‹ኤሲፒአይ›› የተባለው ደንብ የኮምፒውተርን እንቅልፍ በደረጃ ይከፍለዋል፡፡ በኤስ1 ፕሮሰሰሩ ሥራ ያቆማል እንጂ ኃይሉ አይቋረጥም፡፡ በኤስ3 ራም ብቻ ነቅቶ ሲጠብቅ አብዛኛው ክፍል ይጠፋል፡፡ በኤስ4፣ ማለትም በሃይበርኔት፣ የራሙ ይዘት ወደ ዲስክ ተገልብጦ ማሽኑ ይዘጋል፡፡ ይሁን እንጂ ዴስክቶፑ ከሶኬት እስካልተነቀለ ድረስ የፓወር ሰፕላዩ 5 ቮልት የተጠባባቂ መስመር ሕያው ነው፡፡ የኪቦርድ ቁልፍ ነክተን የተኛውን ማሽን መቀስቀስ የምንችለውም በዚሁ መስመር ነው፡፡

መብራቱ የሚበራውና የሚጠፋው ከኮምፒውተሩ በሚላክ ትዕዛዝ ነው፡፡ ኃይል እያገኘ ‹‹አጥፋ›› ያልተባለ ኪቦርድ የመጨረሻውን ትዕዛዝ እንዳከበረ ሊያድር ይችላል፡፡ የዩኤስቢ 2.0 ደንብ በእንቅልፍ ላይ ያለ መሣሪያ ከ2.5 ሚሊአምፔር በላይ እንዳይወስድ ያዛል፡፡ ደንብ መኖሩና ደንብ መከበሩ ግን ለየቅል ናቸው፤ ሕግ የተማርን ሰዎች ይህን አሳምረን እናውቀዋለን፡፡

ወጪውስ? ሦስቱ መብራቶች እያንዳንዳቸው 5 ሚሊአምፔር ይወስዳሉ ብንል፣ ዓመቱን ሙሉ ቢበሩ እንኳ 1 ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም፡፡ ስለዚህ ጉዳዩ የቆጣሪ ሳይሆን፣ ማሽኑ በትክክል ተኝቷል ወይ የሚለው ነው፡፡

ምን ይደረግ? ከቀላሉ እንጀምር፡፡

አንደኛ፣ ከማስተኛትዎ በፊት ነም ሎክንና ካፕስ ሎክን አጥፍተው በማውስ ያስተኙት፡፡ መብራቱ ከጠፋ ትዕዛዙ ይሠራል ማለት ነው፡፡

ሁለተኛ፣ እንቅልፉ የትኛው እንደሆነ ይለዩ፡፡ በዊንዶውስ ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ የ‹‹ፓወርሲኤፍጂ›› ትዕዛዝ ከሰያፍ ጭረትና ከ‹‹ኤ›› ፊደል ጋር ሲጻፍ ማሽኑ የሚችላቸውን ደረጃዎች ይዘረዝራል፡፡ በቆዩ ማዘርቦርዶች ባዮስ ላይ ኤስ1 ተመርጦ ከተገኘ ወደ ኤስ3 ይቀይሩት፡፡

ሦስተኛ፣ ኪቦርዱን ወደ ሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳ ያዛውሩት፡፡ በአንዳንድ ማዘርቦርዶች ሁሉም ቀዳዳ በእንቅልፍ ጊዜ ኃይል አያገኝም፡፡ ኃይል በሌለው ቀዳዳ መብራቱ ይጠፋል፤ በኪቦርድ መቀስቀስም አብሮ ይቀራል፡፡

አራተኛ፣ ሊኑክስ የሚጠቀም ሰው ሲስተምዲ ከእንቅልፍ በፊት የሚያሠራው አጭር ስክሪፕት ጽፎ የመብራቶቹን የ‹‹ብራይትነስ›› ዋጋ ዜሮ ማድረግ ይችላል፡፡

በባዮስ ውስጥ ‹‹ኢአርፒ›› የሚለውን ማብራት መፍትሔ ነው ሲባልም ይሰማል፡፡ ይህ ምርጫ በአብዛኛው የሚሠራው ማሽኑ በሃይበርኔት ወይም ጨርሶ ሲዘጋ ነው፤ ለተራ እንቅልፍ አይበጅም፡፡

ላፕቶፕ ላይ ነገሩ ይለያል፡፡ ብዙዎቹ አዳዲሶች ኤስ3ን ትተው፣ ፕሮሰሰሩ ጨርሶ ሳይጠፋ በዝቅተኛ ኃይል በሚያንቀላፋበት ዘዴ ይጠቀማሉ፡፡ ላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ ከጋለ ወይም ጠዋት ባትሪው አልቆ ከተገኘ፣ ጥርጣሬው ከኪቦርዱ መብራት አልፎ ወደ እንቅልፉ መዞር አለበት፡፡

የእኔ ምክር አጭር ነው፡፡ መብራት በድንገት በሚሄድበት ሰፈር ዴስክቶፕን በስሊፕ አሳድሮ መተኛት አያዋጣም፤ ኃይል ሲቋረጥ ራሙ ባዶ ይሆናል፡፡ ሥራዎን ሴቭ አድርገው ሃይበርኔት ይበሉት፡፡ ከዚያ በኋላ ትንሿ መብራት ብትበራም ባትበራም፣ ጽሑፍዎ በዲስክ ላይ ነው፡፡