አሮጌው ላንድ ክሩዘር ለምን አይረክስም?

መኪና ብዙ በሄደ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል፤ የዓለም ልማድ ይህ ነው። በኢትዮጵያ ግን ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ጌጁ 400 ሺህ ኪሎ ሜትር ያለፈ የናፍጣ ላንድ ክሩዘር ለሽያጭ ሲወጣ ገዢ ይሻማበታል። ብዙ ሰው ምክንያቱን ‹‹የቶዮታ ጥንካሬ ነው›› ብሎ ያልፋል። ጥንካሬው እውነት ቢሆንም ከጀርባው የረሃብ፣ የመንገድና የቀረጥ ታሪክ አለ። ይህን ታሪክ ከሰቆጣና ከዋግ ኽምራ ደጋ ሆኖ ማየት ይቀላል።

በጥቅምት 1977 ዓ.ም የቢቢሲው ማይክል በርክ እና የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ከሰቆጣ በስተምሥራቅ ካለችው ኮረም ያቀረቡት ዘገባ ዓለምን አስደነገጠ። እርዳታ ጎረፈ። እህሉ በከባድ መኪናና በአውሮፕላን ሲመጣ፣ ሐኪሙና የእርዳታ ሠራተኛው ግን ፎር ዊል መኪና ያስፈልጋቸው ነበር። የእርዳታ ድርጅቶች እነዚህን መኪኖች ከቀረጥ ነፃ ያስገባሉ። ላንድ ክሩዘር በሰሜኑ ገጠር በሰፊው የታወቀው የባለሀብት መኪና ሆኖ ሳይሆን የእርዳታ መኪና ሆኖ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990 ቶዮታ 80 የሚባለውን ሞዴል ከ1ኤችዜድ ሞተር ጋር ለገበያ አቀረበ። ሞተሩ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ተርቦ የሌለው ነው። የናፍጣ ፖምፓው ከኮምፒውተር ጋር ስለማይያያዝ የደሴም የወልዲያም መካኒክ ፈትቶ ይገጥመዋል። ሰቆጣ ከ2200 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ከእሷ ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚወርደው አገር ደግሞ ቁልቁለትና ድንጋይ ነው። ፍሬን፣ ኩሽኔታና ሞላ የሚያልቁት እዚያ ነው። በዚህ መንገድ የተነዳ 100 ሺህ ኪሎ ሜትር ከአዲስ አበባ አስፋልት 100 ሺህ ጋር እኩል አይደለም። ጌጅ ርቀትን እንጂ መንገድን አይቆጥርም፤ ወደኋላ ሊመለስም ይችላል።

የእርዳታ ድርጅቱ ፕሮጀክቱን ሲጨርስ መኪናው በጨረታ ይሸጣል። ቀረጥ ሳይከፈልበት የገባ መኪና መብቱ ወደሌለው ሰው ሲተላለፍ ግን ቀረጡና ታክሱ ይከፈላል። ይህን ያላሰበ ገዢ በጨረታ ያሸነፈበት ዋጋ የመጨረሻው እንዳልሆነ የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

ከዚያ ሕጉ ጠበቀ። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ሞተራቸው ትልቅ በሆኑና ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም ደግሞ ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንዳይገባ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ገለጹ። ሀገር ውስጥ የነበረው አሮጌ መኪና በአንድ ጊዜ ተተኪ አልባ ሆነ።

የውሳኔዎቹ ምክንያት መናቅ የለበትም። ነዳጅ የውጭ ምንዛሪ ይበላል፣ አሮጌ ናፍጣም ጭስ ነው። ጥያቄው ሸክሙ የሚያርፈው በማን ላይ ነው የሚለው ነው። ሰቆጣ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ለብዙ ወራት ያለ መብራት የቆየች ከተማ ናት። የአዲስ አበባ ነዋሪ መኪናውን ማታ ቻርጅ ላይ ሰክቶ ይተኛል፤ ወደ አበርገሌ ወይም ወደ ዝቋላ የሚወርድ ሰው ግን የት ይሰካ?

መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም የሕፃናትን የምግብ እጥረት ለማስወገድ የገባውን ቃል ‹‹የሰቆጣ ቃል ኪዳን›› ብሎ የሰየመው ይህች ከተማ የረሃብ ምልክት ስለነበረች ነው። ቃል ኪዳኑ ቀበሌ ድረስ የሚደርሰው በመኪና ነው። ለእንዲህ ዓይነት አካባቢ ለአምቡላንስና ለገጠር ሥራ የሚሆን መኪና በተለየ ሁኔታ መታየት ነበረበት።

እስከዚያው የሚገዛ ሰው ኮፈኑን ከማስከፈቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ። ሊብሬው ላይ ያለው የሻሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር ይገጥማል? ቀረጡ ተከፍሏል? መኪናው ዕድሜውን የፈጀው በየትኛው መንገድ ነው? ቀጥሎ የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ይጠይቅ፤ በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ የሚቀየር ነውና።

አሮጌው ላንድ ክሩዘር ያልረከሰው ስላላረጀ አይደለም። የሚተካው ስላልመጣ ነው።