የጉምሩኩ ሹም ሹመት ሲያፈርስ፦ ቼስተር አርተርና የ1883ቱ ሕግ

(ዘመናቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዶናልድ ትራምፕ በጥር 2025 ወደ ኋይት ሐውስ በተመለሱበት ቀን ከተፈረሙት ትእዛዞች አንዱ ብዙ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞችን ማባረርን የሚያቀል ነበር። ክርክሩ ሲጦፍ የአንድ አሮጌ ሕግ ስም ተደጋግሞ ተነሳ፦ የ1883ቱ የፔንድልተን ሕግ። ስለ ሕጉ የሚነገረው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው። ሹመት የተነፈገ አንድ እብድ ፕሬዝዳንት ጋርፊልድን ገደለ፣ ሕዝቡ ተቆጣ፣ ኮንግረስም ሠራተኛ በፈተና እንጂ በፓርቲ ወገንተኝነት እንዳይቀጠር ደነገገ። ይህ ውሸት አይደለም። ግን ሁለት ጥያቄ ይዘልላል። ሕጉን የፈረመው ሰው ማን ነበር? ያጸደቁትስ ምን ፈልገው ነው?

ከፈራሚው እንጀምር። በዚያን ጊዜ አሜሪካ የገቢ ግብር አልነበራትም። የፌዴራሉ መንግሥት ትልቁ ገቢ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣል ቀረጥ ነበር፤ የቀረጡም አብዛኛው እጅ የሚሰበሰበው በኒው ዮርክ ወደብ ነበር። ስለዚህ የኒው ዮርክ ጉምሩክ ሹም (በእኛ የድሮ አጠራር ነጋድራስ ልንለው እንችላለን) በአገሪቱ ካሉት ባለሥልጣናት ሁሉ ወፍራሙን እንጀራ የሚበላ ሰው ነበር። ቼስተር አርተር በ1871 በፕሬዝዳንት ግራንት ተሹሞ ይህን ወንበር ያዘ። በሕጉ መሠረት ነጋዴ ላይ ከሚጣለው ቅጣት ድርሻ ስለነበረው፣ ያ አሠራር በ1874 እስኪቀር ድረስ ገቢው በዓመት 50 ሺህ ዶላር ገደማ ደርሷል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የምንለው ተረት እዚያም ሳይነገር ይሠራ ነበር። ለፍትሕ ያህል ግን አርተር ከካዝና ሰረቀ ተብሎ የተረጋገጠበት ነገር የለም። የሚበላው ሕጉ የፈቀደለትን ነው። ነውሩም እዚያው ላይ ነው።

በሥሩ ከ1 ሺህ በላይ ሠራተኞች ነበሩት። ምርጫ ሲቃረብ ለእያንዳንዱ ከሪፐብሊካን ፓርቲ ኮሚቴ ደብዳቤ ይደርሰዋል፦ ከደመወዝህ ይህን ያህል በመቶ አዋጣ። መዋጮው በስም የፈቃደኝነት ነው፤ ያላዋጣ ግን በሥራው ይቆያል ብሎ የሚያምን ማንም አልነበረም። ፓርቲዎቹ ይህ ገንዘብ የግድ ያስፈልጋቸው ነበር። ሰልፉን፣ ጋዜጣውን፣ ቅስቀሳውን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። የምርጫ ወረቀቱን እንኳ ያኔ የሚያሳትመው መንግሥት ሳይሆን ራሱ ፓርቲው ነበር።

ፉክክሩ ደግሞ በጣም የተቀራረበ ነበር። በ1876 ሄይስ ያሸነፈው በአንድ የወኪል መራጮች ድምፅ፣ 185 ለ 184 ነው። በ1880 ጋርፊልድ ከተቃዋሚው የበለጠው ከ9 ሚሊዮን በሚያህል መራጭ መካከል ከ10 ሺህ በታች በሆነ ድምፅ ነው። በ1884 ክሊቭላንድ ኒው ዮርክን፣ በዚያውም ፕሬዝዳንትነቱን ያገኘው ከ1,200 በማይበልጥ ልዩነት ነው። ኒው ዮርክን የያዘ አገሩን ይይዛል፤ ጉምሩኩን የያዘ ደግሞ ኒው ዮርክን ለመያዝ ጥሩ ዕድል አለው። ለዚህ ነው አንድ የቀረጥ ቢሮ ፕሬዝዳንቶችን ሲያጣላ የኖረው።

የጉምሩኩ እውነተኛ ጌታ አርተር ሳይሆን ሴናተር ሮስኮ ኮንክሊንግ ነበር። አንደበተ ርቱዕ፣ ለባበስ፣ ኩሩ ሰው ነው፤ አርተር የሱ ሰው ነው። ፕሬዝዳንት ሄይስ በ1877 የመንግሥት ሠራተኛ የፓርቲ ሥራ እንዳይመራ ከለከለና በአርተር ምትክ የኋለኛውን ፕሬዝዳንት የቴዎዶር ሩዝቬልትን አባት አጨ። ኮንክሊንግ ሴኔቱን አሳምኖ ዕጩውን አስጣለ። ሄይስ አርተርን ማንሳት የቻለው በ1878፣ ሴኔቱ ዕረፍት ላይ ሳለ ነው።

በ1880 ቺካጎ በተደረገው የሪፐብሊካን ጉባኤ ፓርቲው ለሁለት ተከፈለ። የኮንክሊንግ ወገን ስታልዋርት ይባላል፣ ጽኑዎቹ እንደማለት፤ ግራንትን ለሦስተኛ ጊዜ ሊያነግሥ ይፈልጋል። የሴናተር ብሌይን ወገን ደግሞ ሃፍ ብሪድ፣ ክልሶቹ፣ የሚል የስድብ ስም ወጣለት። በሁለቱ መካከል ስለነበረው የሐሳብ ልዩነት ብዙ ተጽፏል፤ እኔ ግን ከዋናው ጥያቄ፣ ከሹመቱ አከፋፋይ ማንነት፣ አልፎ የሚሄድ ትልቅ ልዩነት አይታየኝም። ጉባኤው 36 ጊዜ ድምፅ ከሰጠ በኋላ ማንም ያልጠበቀውን ጋርፊልድን መረጠ። የተሸነፉትን ለማባበል ምክትልነቱ ለአርተር ቀረበለት። ኮንክሊንግ እንዳትቀበል አለው። አርተር ይህ እሱ ካለመው ክብር ሁሉ የሚበልጥ ነው ብሎ ተቀበለ። በጌታው ላይ እንቢ ሲል ይህ የመጀመሪያው መሆኑ ነው።

ጋርፊልድ በመጋቢት 1881 ሥልጣን በያዘ በሳምንታት ውስጥ ለኒው ዮርክ ጉምሩክ ዊልያም ሮበርትሰንን አጨ። ሮበርትሰን የኮንክሊንግ ባላንጣ ነው። ኮንክሊንግ ይህን እንደ ጦርነት አዋጅ ቆጥሮ ግንቦት 16 ቀን ከባልደረባው ከቶማስ ፕላት ጋር ከሴኔት ለቀቀ። ሴናተር ያኔ የሚመረጠው በግዛቱ ምክር ቤት ስለነበር፣ ምክር ቤቱ መልሶ ይልከኛል፣ ፕሬዝዳንቱም ያፍራል ብሎ አስቦ ነው። ምክትል ፕሬዝዳንቱ አርተር ወደ አልባኒ ወርዶ ለኮንክሊንግ ድጋፍ ሲለምን ሰነበተ። የአገር ምክትል ፕሬዝዳንት የራሱን ፕሬዝዳንት ለማሸነፍ አሰስ ገሰሱን የምክር ቤት አባል ደጅ ሲጠና ማለት ነው። ኮንክሊንግ በመጨረሻ አልተመረጠም።

ሐምሌ 2 ቀን ቻርልስ ጊቶ ዋሽንግተን ባቡር ጣቢያ ውስጥ ጋርፊልድን ከኋላው ተኩሶ መታው። ጊቶ በምርጫው ዘመን ማንም ልብ ያላለውን ንግግር አሳትሞ፣ ለዚህ ውለታው በፓሪስ ቆንስል ልሆን ይገባኛል ብሎ ወራት ሙሉ ኋይት ሐውስና ውጭ ጉዳይ ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው። አእምሮው መታወኩን የሚክድ የለም። ነገር ግን ያ ሕመም ቅርጹን ከአገሩ አሠራር ነው የወሰደው፤ እሱ በእብደት የጠየቀውን ሺዎች ጤነኞች በየቀኑ በዚያው በር ተሰልፈው ይጠይቁ ነበር። ሲያዝ ስታልዋርት መሆኑንና ከእንግዲህ ፕሬዝዳንቱ አርተር እንደሚሆን ተናገረ። አርተር ወሬውን የሰማው ከኮንክሊንግ ጋር ከአልባኒ ኒው ዮርክ ሲደርስ ነው። ሕዝቡ ምን እንደጠረጠረ መገመት አያስቸግርም።

ጋርፊልድ 79 ቀን ተሰቃይቶ መስከረም 19 ሞተ። ሐኪሞቹ ባልታጠበ ጣት ቁስሉን መጎርጎራቸው ከጥይቱ እኩል እንደጎዳው ብዙዎች ይስማማሉ። አርተር በዚያው ሌሊት በኒው ዮርክ መኖሪያ ቤቱ ቃለ መሐላ ፈጸመ። (ቤቱ ዛሬም ሌክሲንግተን ጎዳና ላይ ቆሟል፤ ከታች ስመ ጥር የቅመማ ቅመም ሱቅ አለበት።)

ኮንክሊንግ ጊዜው ደረሰ ብሎ መጣ፤ ሮበርትሰንን አንሳልኝ አለ። አርተር እንቢ አለ። ምን ለወጠው? ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ጁሊያ ሳንድ የምትባል ኒው ዮርክ የምትኖር ታማሚ ሴት ናት። የማያውቃት ይህች ሴት ጋርፊልድ ገና በሕይወት ሳለ ለአርተር መጻፍ ጀመረች፦ አገሩ ሁሉ እንደሚንቅህ እወቅ፣ ግን የተሻለ ሰው መሆን ትችላለህ እያለች። ደብዳቤዎቿ 23 ናቸው። አርተር ሊሞት ሲል ወረቀቶቹን በሙሉ ማለት ይቻላል አቃጥሏል፤ የሷን ግን አላቃጠለም። በ1882 ሳይታሰብ ቤቷ ድረስ ሄዶም ጎብኝቷታል። ታሪኩ ልብ ይነካል። እኔ ግን ፖለቲከኛ በደብዳቤ ብቻ ንስሐ ይገባል ብዬ አላምንም። በገዳይ ስም ሥልጣን ላይ የወጣ የተባለ ሰው፣ የሹመት ንግዱን ቢቀጥል ኖሮ ጥርጣሬውን በገዛ እጁ ባረጋገጠ ነበር። ኩላሊቱም ታሞ ነበር፤ ለሌላ ምርጫ ብዙም አልጓጓም።

ያም ሆኖ ሕጉ ከግድያው በኋላ ወዲያው አልወጣም። ከአንድ ዓመት በላይ ኮንግረስ ውስጥ ተኝቶ ቆየ። ጊቶ ተፈርዶበት ሰኔ 1882 ተሰቀለ፤ ሕጉ አሁንም የለም። እንዲያውም በዚያው ዓመት የሪፐብሊካን ኮሚቴ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ለሠራተኛው የ2 በመቶ መዋጮ ደብዳቤ በተነ። ሕጉን ከእንቅልፉ የቀሰቀሰው የኅዳር 1882ቱ ምርጫ ነው። ሪፐብሊካኖች የታችኛውን ምክር ቤት አጡ፤ በኒው ዮርክ ደግሞ ክሊቭላንድ የሚባል ዴሞክራት አገረ ገዥነቱን በሰፊ ልዩነት ወሰደ። በ1884 ኋይት ሐውስን ሊያጡ እንደሚችሉ ገባቸው። ያኔ የራሳቸው የሾሟቸው ሰዎች በሙሉ በአንድ ቀን ይጠረጋሉ። ከዚያ በፊት ግን ተሰናባቹ ምክር ቤት እስከ መጋቢት 1883 ጊዜ ነበረው።

በሳምንታት ውስጥ ሕጉ በሴኔት 38 ለ 5፣ በታችኛው ምክር ቤት 155 ለ 47 አለፈ። አንድ የጆርጂያ ሴናተር የሕጉ ርዕስ ሪፐብሊካኖችን በወንበራቸው ማጽኛ ሕግ ተብሎ ይቀየር ብሎ ተሳልቋል። ቀልዱ እውነት አለው። አርተር ጥር 16 ቀን 1883 ፈረመ። ሐሳቡን ያቀረበው ፔንድልተን ራሱ የኦሃዮ ዴሞክራት ነበር፤ ሹመት የናፈቃቸው የፓርቲው ሰዎች ይቅር አላሉትም፣ የሴኔት መቀመጫውን አጣ።

ሕጉ ሲጀመር የሸፈነው ከ130 ሺህ በላይ ከሆኑት የፌዴራል ሠራተኞች ወደ 14 ሺህ ያህሉን ብቻ ነው። የቀረው እንደ ድሮው ነው። ክሊቭላንድ በ1885 ሲገባ በየገጠሩ ወደ 40 ሺህ የሚጠጉ የሪፐብሊካን ፖስታ ሹሞች ተነሱ። ግን ሕጉ አንድ ብልህ በር ትቶ ነበር፤ ፕሬዝዳንቱ በትእዛዝ ተጨማሪ የሥራ መደቦችን ከለላው ውስጥ ማስገባት ይችላል። እናም ተሰናባች ፕሬዝዳንት ሊወጣ ሲል የራሱን ሰዎች ከመጪው ለማዳን መደባቸውን በሕጉ ያስጠልላል፤ የሚመጣውም በተራው እንዲሁ ያደርጋል። በዚህ የራስ ወዳድነት ቅብብሎሽ ክፍለ ዘመኑ ሲያልቅ ከሠራተኛው ግማሽ ያህሉ በፈተናው ሥርዓት ሥር ገባ።

መዋጮውስ? ከጸሐፊና ከቀራጭ መሰብሰብ በሕግ ሲከለከል ፓርቲዎቹ ወጪያቸውን አልቀነሱም፤ ሌላ ኪስ ፈለጉ። በ1896 የማኪንሊ ዘመቻ መሪ ማርክ ሃና ባንኮችን ከካፒታላቸው የመቶ ሩብ እጅ እንዲያዋጡ ተመነባቸው። ከስታንዳርድ ኦይል ብቻ 250 ሺህ ዶላር ገባ፤ በጠቅላላ የተሰበሰበው ቢያንስ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። የጉምሩኩ ጸሐፊ ሲያዋጣ የሚጠብቀው ሥራውን ነበር፤ እነዚህኞቹ የሚጠብቁት የቀረጥ ተመንና የገንዘብ ፖሊሲ ነው። ኮርፖሬሽኖች ለፌዴራል ምርጫ ገንዘብ እንዳይሰጡ የሚከለክል ሕግ የወጣው በ1907 ነው፤ እሱን በሌላ ጽሑፍ እንመለስበታለን።