«ውሃ አታጠጪው!»

ከጎንደር መተማ የሄደ ያውቀዋል። ጭልጋ ላይ ጃኬት የደረበ ሰው ገንዳ ውሃ ሲደርስ ሸሚዙም ይከብደዋል። እናላችሁ አንድ ጊዜ በዚያ መንገድ ስሄድ አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት እናት ሕፃኗን ታቅፋለች። ልጁ ሦስት ቀን አስቀምጦት ዓይኑ ጎድጉዷል። የያዝኩትን የታሸገ ውሃ ሳቀብላት ከኋላችን ያሉ አንዲት እናት «ተይ ልጄ፣ ውሃ አታጠጪው፣ ይብስበታል!» አሏት። እጇን ሰበሰበች። እኔም ዝም አልኩ።

እማማ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ልጁ የጠጣው ወዲያው ሲወጣ በዓይናቸው አይተዋል፤ ስለዚህ የሚገባውን ካቆሙ የሚወጣውም የሚቆም ይመስላቸዋል። በብዙ የአገራችን አካባቢ ተቅማጡ የመጣው «ከግግ ነው» ተብሎ ገና ያልበቀለ የሕፃን ጥርስ ከድድ ተቆፍሮ ሲወጣ ኖሯል። ለትውከቱ ደግሞ እንጥል ይቆረጣል። በሽታው ግን ጥርሱም እንጥሉም ላይ የለም። ተቅማጥ ሕፃን የሚገድለው ሰውነቱ ውሃና ጨው ሲያልቅበት ነው።

ታዲያ ይህን በአፍ መተካት እንደሚቻል ዓለም ራሱ ያመነው በቅርቡ ነው። ታሪኩም እንደ መተማ የድንበር ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የዛሬዋ ባንግላዴሽ በጦርነት ስትታመስ ሚሊዮኖች ወደ ሕንድ ተሰደዱ። ቦንጋኦን በምትባል የድንበር ከተማ ኮሌራ ገባ። ሕሙማኑ መሬት ላይ ተደርድረው በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ያኔ በአንድ ሊትር ውሃ 22 ግራም ግሉኮስ፣ 3.5 ግራም የገበታ ጨውና 2.5 ግራም ቤኪንግ ሶዳ እያስበጠበጡ፣ እናቶችና ዘመዶች በኩባያ እንዲያጠጡ አደረጉ። ከመቶ 30 ገደማ የነበረው ሞት ከ4 በታች ወረደ። ምሥጢሩ ቀላል ነው፦ አንጀት ስኳሩን ሲያስገባ ጨውም አብሮ ይገባል፣ ውሃው ደግሞ ይከተላቸዋል። ተቅማጡ ሳይቆም እንኳ!

በእኛ በኩል ደግሞ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ሐኪም ከተማ ተቀምጦ ከሚጠብቅ፣ ጤና መኮንን፣ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ በቡድን ገጠር ይውረዱ የሚል ሐሳብ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ይህንኑ እስከ ቀበሌ አወረደው። ዛሬ ጤና ኬላ የሚገኘው ሕይወት አድን ንጥር (ኦአርኤስ የምንለው) የዚያ የቦንጋኦን ብጥብጥ ልጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2004 ዚንክ ጨምረውበታል።

በ2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ፈነዳና ሰው በመተማ በኩል ጎረፈ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ኩመር መጠለያ ኮሌራ ገባ። ንጥሩ ነፍስ ያድናል፤ ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ቤትን ግን አይተካም። በሽታው የሚገባው እነሱ በሌሉበት ነውና።

ለማንኛውም፣ ልጅ ሲያስቀምጠው ጡት አይቋረጥም። ምግብ ከጀመረ ምግቡም አይቀነስበትም፤ ሲሻለው እንዲያውም ይጨመርለታል። ንጥሩ በፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ በንጹሕ ውሃ ይበጠበጥና በትንሽ በትንሹ ይሰጣል። ቢያስመልሰው አሥር ደቂቃ ታግሦ እንደገና ነው። ያደረ ብጥብጥ ይደፋል። ሰገራው ደም ካለው፣ መጠጣት ካቃተው፣ ከፈዘዘ ወይም ዓይኑ ከጎደጎደ ግን ቀጥታ ጤና ጣቢያ!

ያቺ እናት ገንዳ ውሃ ላይ ወረደች። ልጁ ምን እንደሆነ አላውቅም። ያን ቀን ውሃው እጄ ላይ ነበር፤ የጎደለኝ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይጠጣ» ማለት ብቻ ነበር።

እናንተ ግን በሉ።