የአስር አለቃው ድርሻ

የእግረኛ ሻለቃ ታሪክ ሲጻፍ ሁለት ሰዎች አይዘነጉም፤ ጦሩን የመራው አዛዥና ብቻውን ምሽግ የደፈረው ጀግና። በሁለቱ መካከል ያለው፣ ጥቂት ሰዎችን ይዞ በጨለማ ወጥቶ እነዚያኑ ሰዎች ይዞ የሚመለሰው የበታች ሹም ግን ስሙ ከመዝገብ አያልፍም። ኢትዮጵያ የላከችው የቃኘው ሻለቃ የኮርያ ዘመቻ ይህን ጉድለት አጉልቶ ያሳያል። ሻለቃው ከሁሉ በላይ የሚመሰገንበት ውጤት የዚህ ሰው ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ከአባቶች የወረስነው የሽልማት ልማድም ሆነ በኋላ የመጣው የሜዳይ ሥርዓት እሱን የሚመዝንበት ሚዛን አልነበረውም።

የማዕረግ ስሞቻችንን እንመልከት። አስር አለቃ የአስር ሰው፣ ሃምሳ አለቃ የሃምሳ፣ መቶ አለቃ የመቶ፣ ሻለቃ የሺህ ሰው አለቃ ነው። ስሙ ራሱ የሚናገረው ሹሙ ስለተሸከመው ሰው እንጂ ስለገደለው አይደለም። ሽልማቱ ግን በሌላ በኩል ይሄድ ነበር። ከጦርነት የተመለሰ ወታደር በጌታው ፊት ቀርቦ ይፎክራል፣ ግዳዩን ይጥላል፤ እንደ ሥራውም ለምድ፣ ጎፈር፣ በብር የተለበጠ ጋሻ ወይም በቅሎ ይሸለማል፤ ሲበዛም መሬትና ሹመት ያገኛል። የጣለው ይቆጠርለታል፤ ከሞት ያተረፈው ጓደኛው አይቆጠርለትም። ይህን የምለው ባህሉን ለማራከስ አይደለም፤ እንዲያውም በኋላ የጠፋ አንድ ትልቅ ነገር ነበረው። ፉከራው የሚሰማው አብረው በተሰለፉት ፊት ነውና፣ ያልሠራውን ሠራሁ የሚል ሰው የሚያፍረው እዚያው ነበር። ዳኞቹ አብረውት የዋሉት ናቸው።

ይህን የሚቃወም ሰው ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስንና ደጃዝማች ባልቻ ሳፎን ሊጠቅስ ይችላል። ሁለቱም በምርኮ መጥተው ከታች ተነሥተው፣ አንዱ የጦር ሚኒስትር፣ ሌላው በዓድዋ ስሙ የገነነ የመድፍ አዛዥ ሆነዋል፤ ታዲያ የድሮው ሥርዓት የመምራት ችሎታን አያይም ነበር ማለት እንዴት ይቻላል? መልሱ ያለው በቆሙበት ቦታ ነው። ሁለቱም ያደጉት በዳግማዊ ምኒልክ ቤት፣ ከንጉሡ ዓይን ሥር ነበር። አስተዋይ ጌታ በቅርብ ያለውን ሰው ያውቀዋል፤ በሰልፉ ጫፍ ያለውን አስር አለቃ ግን ምኒልክን ያህል አስተዋይ እንኳ ከድንኳኑ ሆኖ ሊያየው አይችልም።

አሁን ወደ ኮርያ እንመለስ። በዋናነት ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ተነሥቶ በዚያው ወር መጨረሻ ፑሳን ደረሰ፤ ስሙ ከራስ መኰንን የፈረስ ስም፣ ከአባ ቃኘው የመጣ ነው። በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ተመድቦ በተራራማው ግንባር ተዋጋ። ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ተኩስ እስኪቆም ድረስ በተከታታይ የዘመቱት ሦስት ሻለቆች ከ120 በላይ ሰው ሞተባቸው፤ ከ500 በላይ ቆሰለባቸው። በጠላት እጅ የወደቀ ምርኮኛ ግን አንድም አልነበረም። ጦርነቱ በመጨረሻው ዓመት በኮረብታ ምሽጎችና በሌሊት ቅኝት ላይ የተንጠለጠለ ነበር። በሌሊት ቅኝት ሻለቃ አዛዡ ሩቅ ነው፤ ሻምበሉም በሬዲዮ ነው የሚሰማው። የቆሰለውን ማን ይሸከም፣ ማን ወደ ኋላ ቀርቶ ይተኩስ፣ ስንት ነበርን ስንትስ ቀረን የሚለውን በዚያች ደቂቃ የሚወስነው አብሮ መሬት ላይ የተኛው መሪ ነው። ምርኮኛ አለመኖሩ በአንድ ሰው ጀብዱ የሚገኝ ውጤት አይደለም፤ በየሌሊቱ፣ በየጓዱ መደገም አለበት።

ዘመናዊው ሥርዓት ለዚህ ምን ሰጠ? ለጀብዱ ሜዳይ፣ ለሻለቃው ደግሞ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የክፍል ምስጋና። አንደኛው ግለሰቡን፣ ሌላኛው ሁሉን በአንድነት ያከብራል፤ አስር አለቃው በመካከል ይሾልካል። መሪ ራሱ ደፋር ካልሆነ ማን ይከተለዋል፣ ስለዚህ ጀብዱን መሸለም መሪውንም መሸለም ነው የሚል ይኖራል። ድፍረት ከሌለ አመራር እንደሌለ እቀበላለሁ። ነገር ግን ደፋሩ ሁሉ ሰው አይመራም፤ አንዳንዱ ወደ ፊት ሲሮጥ የተከተሉትን ያስጨርሳል። ሜዳዩን የሚያስገኘው የሹም ሪፖርት ደግሞ የሚያጎላው በዓይን የሚታየውን ድርጊት ነው። በጥሩ መሪ እጅ ያልደረሰ ጥፋት በሪፖርት ላይ አይጻፍም፤ አልደረሰምና።

አሜሪካዊው ጸሐፊ ኤስ.ኤል.ኤ. ማርሻል በ1956 እ.ኤ.አ. በኮርያ ስለተካሄደው የፖርክ ቾፕ ኮረብታ ውጊያ ባሳተመው መጽሐፍ ለኢትዮጵያውያኑ ቅኝቶች ምዕራፎች የሰጠው በአጠያየቅ ዘዴው ምክንያት ይመስለኛል። ይህ ሰው የሚታወቅበት ዘዴ ከውጊያ የተመለሱትን ሰብስቦ፣ እያንዳንዱ ያየውን በሌሎቹ ፊት እንዲናገር ማድረግ ነበር። ቀደም ብሎ በሌላ ሥራው ባወጣቸው አኃዞች ላይ የታሪክ ተመራማሪዎች ብርቱ ጥያቄ አንሥተዋል፤ ተገቢም ነው። ይሁንና አብረው የዋሉትን አንድ ላይ መጠየቁ የበታች መሪውን አወጣው፤ ማን እንደቆጠራቸው፣ ማን ቁስለኛውን ሳይዝ አልሄድም እንዳለ የሚያውቁት እነሱ ናቸውና። ዘዴው ለኢትዮጵያዊ ወታደር እንግዳ አልነበረም። በፉከራው አደባባይም ምስክሮቹ እነዚሁ ነበሩ፤ የሚጠየቁት ግን ስለተገደለው ብቻ ነበር።