ዲክሲስና የአርሲ ደጋ መስህቦች

ዲክሲስ በኦሮሚያ ክልል፣ በአርሲ ዞን የሚገኝ የእህል አብቃይ ወረዳ ነው። የዞኑ ዋና ከተማ አሰላ የተቆረቆረችው በጭላሎ ግርጌ ነው። ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው ይህ የጠፋ እሳተ ገሞራ በአስታና በጅብራ የተሸፈነ ሲሆን፣ በአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይካተታል።

የደጋው ታላቅ ሀብት ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው የደጋ አጋዘን ነው። ለሳይንስ የተዋወቀው እንግሊዛዊው አይቮር በክስተን በ1908 እ.ኤ.አ. አድኖ በወሰደው ናሙና ሲሆን፣ በ1910 በአዳኙ ስም ተሰየመ፤ የአርሲ ገበሬ ግን ከዚያ አስቀድሞ ያውቀው ነበር። እርሻ ወደ ተራራው በገፋ ቁጥር መኖሪያው መጥበቡ እጅግ ያሳስባል።

ከአሰላ በስተደቡብ የምትገኘው በቆጂ የሯጮቹ የደራርቱ ቱሉ፣ የቀነኒሳ በቀለና የጥሩነሽ ዲባባ አገር ናት፤ ማለዳ ሯጮቿን ማየት ብቻውን ለጉዞ ይጋብዛል።