የፓሪሱ ፍርድና የ30 ዓመቱ ይግባኝ

ግንቦት 16 ቀን 2018 ዓ.ም. የፓሪሱ የወይን ጠጅ ቅምሻ 50 ዓመት ይሞላዋል። ነገሩ የሆነው በ1968 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1976)፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ በኢንተርኮንቲኔንታል ሆቴል ነበር። ጠሪው ፓሪስ ውስጥ የወይን ጠጅ መደብርና የቅምሻ ትምህርት ቤት የነበረው እንግሊዛዊ ስቲቨን ስፐሪየር ነው። አሜሪካ የነጻነቷን 200ኛ ዓመት ልታከብር መቃረቧን ምክንያት አድርጎ፣ ከባልደረባው ከፓትሪሻ ጋለገር ጋር ሆኖ፣ የካሊፎርኒያን ወይን ከፈረንሳይ አውራዎች ጎን ለማስቀመስ አሰበ። ዘጠኝ ፈረንሳውያን ዳኞች ተሰየሙ። ከእነሱም መካከል የሮማኔ ኮንቲ ወይን እርሻው ኦቤር ደ ቪሌን፣ የ«ግራን ቬፉር» ምግብ ቤቱ ሬሞን ኦሊቪዬ እና የታወቀው የወይን መጽሔት አዘጋጅ ኦዴት ካን ይገኙበታል። የጠርሙሶቹ ማንነት ተሰውሯል፤ ነጥቡ የሚሰጠው ከ20 ነው።

ውጤቱን ብዙ ሰው ያውቀዋል። በነጩም በቀዩም አንደኛ የወጣው የካሊፎርኒያ ወይን ሆነ።

ጥሪው ለብዙ ጋዜጠኞች ቢደርስም የመጣው አንድ ብቻ ነበር፤ የ«ታይም» መጽሔቱ ጆርጅ ቴበር። የጠርሙሶቹ ዝርዝር በእጁ ስለነበር ዳኞቹ የማያውቁትን እሱ ያውቃል። ሬሞን ኦሊቪዬ አንዱን ነጭ ወይን ቀምሰው ወደ ፈረንሳይ መመለሳቸውን በደስታ ሲናገሩ ሰማ፤ ዝርዝሩን ሲያይ በብርጭቋቸው ውስጥ ያለው የናፓ ሸለቆ ሻርዶኔ ነው።

እስከ ዛሬ የሚያከራክረው ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። ውጤቱ ሲነበብ ኦዴት ካን ነጥብ የሰጡበት ወረቀት እንዲመለስላቸው ጠየቁ። ስፐሪየር አልመልስም አለ። እሳቸውም በኋላ ቅምሻው ትክክለኛ አልነበረም ብለው ተቃወሙ። ደጋፊም አላጡም፤ ከአሥሩ ቀይ ወይኖች ስድስቱ የካሊፎርኒያ፣ አራቱ ብቻ የፈረንሳይ መሆናቸው ሚዛኑን አዛብቶታል ያሉ ነበሩ። ይህ ቅሬታ መሠረት የለውም አልልም።

ነገር ግን ስፐሪየር የሠራው አንድ ስሕተት አለ፤ እኔን ያሳመነኝም እሱ ነው። አስተናጋጆቹ ብርጭቆ አንስተው ጠረጴዛውን እስኪያሰናዱ ሲዘገዩበት፣ ቀዩ ገና ሳይቀመስ የነጩን ውጤት አነበበ። ስለዚህ ዳኞቹ ወደ ቀዩ የተሻገሩት ነቅተው ነው። ሁለተኛ ላለመሸወድ፣ አሜሪካዊ የመሰላቸውን ጠርሙስ ለይተው ነጥብ ለመንፈግ በቂ ምክንያት ነበራቸው። ነጥቡ ካደላ እንግዲህ ለፈረንሳይ ነበር የሚያደላው። እንዲያም ሆኖ አንደኛ የወጣው የዋረን ዊኒያርስኪ ስታግስ ሊፕ፣ የ1973 ምርት ነው (የምርት ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ወይኑ የተለቀመው ገና በ1970 ከተተከለ ማሳ ነበር። ከሁለት እስከ አራት ያለውን ደረጃ ሙቶን ሮትሺልድ፣ ሞንትሮዝ እና ኦ ብሪዮን ያዙ፤ ሦስቱም የ1970 ምርት የሆኑ የቦርዶ ወይኖች ናቸው። በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል የነበረው የድምር ልዩነት ከሁለት ነጥብ በታች ነው።

ፈረንሳዮቹ ያቀረቡት ከሁሉ የሚጠነክረው መከራከሪያ ግን ወረቀትም ሚዛንም አልነበረም። ወይናችን ገና ልጅ ነው፤ ጠብቁትና ፍረዱ አሉ።

ይህን የሚለው ሰው የቦርዶን ቀይ ወይን ያውቃል። ከወይኑ ፍሬ ልጣጭና ከዘሩ፣ እንዲሁም ከኦክ በርሜሉ የሚወጣው ታኒን በወጣትነቱ አፍ ያኮማትራል፤ ድድ ላይ ይቀራል። ጠርሙሱ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ጋደም ብሎ ዓመታት ሲያልፉ፣ ታኒኑና ቀለሙ እርስ በርስ እየተያያዙ ይከብዱና አተላ ሆነው ይወርዳሉ። ለዚህ ነው ያረጀ ቦርዶ ሲቀርብ ጥንቃቄ የሚፈልገው። ጠርሙሱ ቀድሞ ቢያንስ አንድ ቀን ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አተላው ከሥር ይሰበሰባል። ቡሹ በዕድሜ ስለሚፈረፈር በቀስታ ይሳባል። ቀጂው ሻማ አብርቶ የጠርሙሱን አንገት ከብርሃኑ ፊት ይይዝና፣ እጁን ሳያቋርጥ ወደ ማንቆርቆሪያው ይገለብጣል፤ ጥቁር ክር የመሰለ አተላ አንገቱ ላይ ብቅ ሲል ያቆማል። ብርጭቆው በነጭ ጨርቅ ላይ ዘንበል ሲል መሐሉ ደማቅ ቀይ፣ ዳሩ የሸክላ ጡብ ቀለም ይሆናል። በወጣትነቱ እንጆሪና ጥቁር ከረንት ይሸት የነበረው አሁን ደረቅ ቅጠል፣ ትምባሆ፣ የጥድ እንጨት፣ ቆዳና የዝናብ ማግስት አፈር ይሸታል። አፍ ውስጥ ለስላሳ ነው፤ ከተዋጠ በኋላም ጣዕሙ ረጅም ጊዜ ይቆያል። በጣም ያረጀውን ግን አየር ቶሎ ያደክመዋልና ሳይውል ሳያድር፣ ተቀድቶ ወዲያው መጠጣት አለበት። ይህ ውበት ያለ ትዕግሥት አይገኝም፤ ስለዚህ ፈረንሳዮቹ «ጠብቁ» ማለታቸው ተገቢ ነበር።

ተጠበቀም። ከአሥር ዓመት በኋላ በ1986 (እ.ኤ.አ.) ኒውዮርክ ውስጥ እነዚያው ቀይ ወይኖች፣ ከአንዱ በስተቀር፣ እንደገና ተቀመሱ። አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ክሎ ዱ ቫል እና ሪጅ ሞንቴ ቤሎ፣ ሁለቱም የካሊፎርኒያ ናቸው።

ከዚያ ሜይ 24 ቀን 2006 (እንደ አውሮፓውያኑ) የ30ኛው ዓመት ቅምሻ በአንድ ቀን ለንደንና ናፓ ላይ ተደረገ። ከለንደኑ ዳኞች መካከል ማይክል ብሮድቤንት፣ ሂዩ ጆንሰን እና ጃንሲስ ሮቢንሰን ነበሩበት። የ1971ዱ ሞንቴ ቤሎ በ35 ዓመቱ አንደኛ፣ ስታግስ ሊፕ ሁለተኛ ሆነ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ደረጃዎች ካሊፎርኒያ ወሰደች፤ ሙቶን በስድስተኛነት ተገኘ። ይግባኙ በራሱ በይግባኝ ባዩ ሕግ ታይቶ ውድቅ ሆነ። ይህ የሙቶንን ወይም የኦ ብሪዮንን ክብር አይቀንስም፤ ያረጀ ቦርዶ የሚሰጠውን ደስታ የቀመሰ አይክደውም። ማርጀትን መቻል ግን የአንድ አገር ርስት አለመሆኑ ታየ። ዋሽንግተን ያላችሁ አንባቢዎች፣ የዚያ የ1973 ስታግስ ሊፕ ጠርሙስ በስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛል።

በእኛም አገር የቦርዶው ካስቴል ኩባንያ ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዝዋይ (ባቱ) ላይ ካበርኔ ሶቪኞን፣ ሜርሎና ሲራ ተክሏል፤ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ጠርሙሱ ገበያ ወጣ። ተክሉ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፤ የስታግስ ሊፑ ተክል ያንን የ1973 ወይን ሲሰጥ ከነበረው ዕድሜ በብዙ ይበልጣል። አንድ ሰው ከስምጥ ሸለቆው ካበርኔ ጥቂት ጠርሙስ ጨለማ ቦታ አስቀምጦ፣ አሥር ዓመት ጠብቆ፣ ከእኩያው ቦርዶ ጋር ስሙን ሸፍኖ ቢያቀርብልኝ፣ ነጥቤን በወረቀት ጽፌ ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ።